ያልሰማነው ትእዛዝ

በሰሜን ለንደን በአንድ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ውስጥ፣ ለአረጋውያንና ለትምህርት ቤቶች ምሳ የሚያደርሱትን የማቀዝቀዣ መኪናዎች ለረጅም ዘመን ስመራ ኖሬ በጡረታ ተሰናበትሁ። ብዙም ሳይቆይ ካውንስሉ አገልግሎቱን ሊዘጋና መኪናዎቹን በጨረታ ሊሸጥ ወሰነ። አቤቱታ ጻፍን፤ ስብሰባ ላይ ቆመን ተናገርን፤ በትሕትና አዳመጡን፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ መኪናዎቹ በሚወሰዱበት ማለዳ፣ ሾፌሮችና ምሳውን የሚቀበሉ ጥቂት አረጋውያን ሆነን መኪናዎቹ በሚያድሩበት ዴፖ በር ላይ ተቀመጥን። አረጋውያኑንና ሌሎቹን ሾፌሮች ፖሊሶች እያባበሉ አስነሡ። አስፋልቱ ላይ የቀረነው እኔና አብሮኝ ለብዙ ዓመታት የሠራ አንድ ያገሬ ልጅ፣ ያን ዕለት የመጨረሻ የሥራ ቀኑ የነበረ ሾፌር ነበርን። ከመንገድ ተነሡ ስትባሉ እምቢ ብላችኋል ተብለን ተያዝን።

በእስር ቤት ዓመታት ያሳለፉ ወገኖች እያሉ፣ የእኔን የአንድ ቀን ቆይታ እስር ብዬ ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። የምጽፈውም ስለ ራሴ ብቻ ባለመሆኑ ነው።

በፖሊስ ጣቢያው ቀበቶዬን፣ የጫማ ማሰሪያዬንና መነጽሬን ተረከቡኝ። ሱሪዬን በእጄ ይዤ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ሰማያዊ የላስቲክ ፍራሽ፣ በር የሌለው ሽንት ቤት፣ ብርሃን እንጂ ሰማይ የማያሳይ ወፍራም የመስተዋት ጡብ። ከጣሪያው ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር ያለማቋረጥ ይወርዳል። ዕድሜዬን ከብርድ ጋር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያ ብርድ ግን ለምግብ የታሰበ ነበር። ይህኛው ለማን እንደታሰበ አላወቅሁም። ጉልበቴ ታመመኝና ጋደም አልሁ።

“ጋሼ፣ እዚያ ነዎት?” አለ ከጎረቤት ክፍል ሾፌሩ፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል።

“አለሁ።”

“ክፍልዎ ስንት ዲግሪ ይሆናል?”

“እርጎ አይበላሽበትም” አልሁት። ሲስቅ ሰማሁት።

ያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር። ምሳ የምታድለው ወጣት ፖሊስ ዶሮ በሩዝ አቀረበችልኝ። ሥጋም ወተትም እንደማልበላ ነገርኋት። ወደ እርሱ አለፈች፤ ፀሐይ እስክትገባ ውኃም አልጠጣም አላት። ተመልሳ መጣችና ሁለታችሁ አንድ ሃይማኖት ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለንም፣ የአንድ ዴፖ ሠራተኞች ነን አልኋት። ታዲያ በዚያ ዴፖ ምግብ የሚበላ ሰው አልነበረም ማለት ነው አለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር። ለእኔ የተገኘውን ባቄላ ከእርሱ ምግብ ጋር አቆይታ ፀሐይ ስትገባ እንድታመጣልን ለመንኋት።

እርሱ ይህን ሰምቶ “ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ረኃብ የእኛ ነው ጋሼ፣ አይሻሙን” አለኝ።

ከቀትር በኋላ አንድ የደከመው ሳጅን በየተራ አነጋገረን። ያቀረበልን ኮሽን የሚሉትን ነው፤ ትእዛዙን ሰምቼ እምቢ ብያለሁ ብሎ ጥፋትን በፊርማ አምኖ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ወዲያው ወደ ቤት መሄድ። ተራ ማስጠንቀቂያ ነው አለን። በስልክ ያገናኙን ጠበቃ ግን ሌላውን ወገን አስረዳችን፤ ፊርማው የእምነት ቃል ነው፣ ቀጣሪ የፖሊስ ማጣሪያ ሲያስደርግም ይወጣል። ለእኔ ለጡረተኛው ይህ ምንም አልነበረም። እርሱ ግን የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ትምህርት ቤት ለሚያደርስ አውቶቡስ በሾፌርነት ተመርጦ፣ የቀረው ያው ማጣሪያ ብቻ ነበር። ቢፈርም ቤቱ ገብቶ ከራሱ ልጆች ጋር ያፈጥራል፤ ሥራውን ግን ሊያጣ ይችላል። ባይፈርም ፍርድ ቤት ሊቆምና የባሰ ሊገጥመው ይችላል።

ወደየክፍላችን ተመለስን። እኔ ያን ማለዳ በሐሳቤ ደጋገምሁት። በእኛ ሥራ መኪና ባዶውን ሳይቀዘቅዝ ጭነት አይገባበትም፤ ጠዋት ዴፖ የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው የማቀዝቀዣውን ሞተር ማስነሣት ነው። ያን ዕለት የሚጫን ምሳ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ገና እንደ ደረስሁ “አስነሣቸው” አልሁት፤ እርሱም ለምን ሳይለኝ ከአንደኛው መኪና እስከ መጨረሻው አስነሣ። በዚያ ጩኸት መካከል ነበር የተቀመጥነው። የፖሊሱ አፍ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ከባልደረባው ጋር የሚነጋገር መስሎኝ ነበር።

“ጋሼ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ ነው?” አለኝ ሾፌሩ ከክፍሉ።

“አልፈርምም። አንተ ግን እኔን አትይ። የእኔን ጡረታ የሚነካ የለም፤ አንተ ልጆች አሉህ።”



“ተነሡ ሲሉ ሰምተዋል?”

“አልሰማሁም።”

“እኔም አልሰማሁም። ታዲያ ሰማሁ ብዬ ልፈርም?”

 በየትኛው መንገድ ይሂድ፣ ለማን አስቀድሞ ያድርስ፣ ለዓመታት ጥያቄውን ሳይጨርስ የመለስሁለት ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃሌ ብታጋድል እንጀራው ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። እጄን በቀዝቃዛው በር ላይ አድርጌ ቆሜ ጠበቅሁ።

“የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትር በዓይኔ ሳላይ መዝገቡ ላይ ብፈርም ኖሮ በማግሥቱ ያባርሩኝ ነበር” አለ በመጨረሻ።

“በዚያኑ ዕለት” አልሁት።

ሳጅኑን አስጠራና እንደማይፈርም ነገረው። እኔም ተከተልሁት። ሳጅኑ አልተቆጣም፤ ጉዳዩ እየተጣራ ማምሻውን እንደምንለቀቅ ነግሮን ሄደ።

ክፍላችን ሰማይ ስለሌለው የፀሐይዋን መግባት የምናውቅበት አልነበረንም። ወጣቷ ፖሊስ ስልኳን አይታ መጀመሪያ የእርሱን በር፣ ቀጥሎ የእኔን አንኳኳች። እርሱ ቢስሚላህ አለ፤ እኔ አማተብሁ። ባቄላው ለብ ያለ ነበር። በላስቲክ ማንኪያ፣ በግድግዳው ወዲህና ወዲያ ሆነን በላን።

ዛሬ በዴፖው ቦታ አፓርታማ እየተሠራ ነው። አርችዌይ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ያን ቀን አብረውን የተቀመጡ አንዲት እናት ምግባቸው አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ በካርቶን እንደሚመጣላቸውና ፍሪጃቸው እንደማይበቃው ነግረውኛል። ሾፌሩ ምሳ ይዞ በራቸውን ሲያንኳኳ እንዴት አደሩ ብሎ ይጠይቃቸው የነበረው፣ ጥቂት የሚቀመጥበትም ጊዜ የሚናፍቃቸው ይመስለኛል። መኪናዎቹን አላስቀረናቸውም። ይህን ስጽፍ ኩራት ቢሰማኝም ከድካሜ አይበልጥም። የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት ቦታውን የፖሊስ ውሳኔ እስኪታወቅ አቆየለት፤ እርሱም በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ ደውሎ ስለ ጉልበቴ እንጂ ስለ ጉዳዩ አልጠየቀኝም።

ፖሊስ በሁለታችንም ላይ ተጨማሪ እርምጃ እንደማይወሰድና መዝገቡ እንደተዘጋ በጽሑፍ ያስታወቀን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በዋለው ሰኞ ነው።