የእህቴ ጥሪና የጣልያን ማኅተም

ገበያ ውስጥ ማር የሚሸጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ምን ብሎ እንደሚጣራ ለመስማት ነው። አብዛኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚጣራውም «ማር! ማር!» ይላል። ማር መሆኑንማ ዓይን አለን፣ እናያለን! እህቴ እንዲህ አልነበረችም።

እሷ ስትጣራ የቡሬ ገበያ ወዲያኛው ዳር ያለ ሰው ይሰማታል። «ቅመሱት፣ ውሰዱት፣ ካልጣመ መልሱት!» ይህን ቃል ማንም አልሰጣትም፤ ከራሷ አፍ የወጣ ነው። በጣልያን ጊዜ ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ከገባ በኋላ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ሆነች። እኔ ታናሽ ወንድሟ፣ ያን ጊዜ ጎልማሳ ዲያቆን፣ ከጓሯችን ቀፎ ማሩን እቆርጥላታለሁ፤ እሷ ቡሬ ወስዳ ትሸጣለች። መጀመሪያ ላይ ሴት የያዘችውን ማር የሚያምን አልነበረም። ቀምሰውም ይጠራጠራሉ። አንድ ቀን ንድድ ብሏት «እንግዲያ ቤታችሁ ውሰዱትና ካልጣማችሁ መልሱት!» ብላ ጮኸች። ጥሪው ከዚያ ተወለደ።

ደግሞ የምሯን ነበር። ቅር ያለው ሰው በሚቀጥለው ገበያ ይዞ ሲመጣ ምስክር አትጠይቅም፣ ፊቷም አይጠቁርም፣ ሌላ ትለውጥለታለች። አንዲት ባልቴት ማሩን ጥርግ አድርገው በልተው ባዶውን ቅል ይዘው መጡና «አልጣመኝም» አሏት። እኔን ሳቅም ንዴትም እኩል ያዘኝ። እህቴ ቅሉን ገልብጣ አየችና፣ «እሜቴ፣ ሳይጥምዎት እንዲህ ከጨረሱት፣ ቢጥምዎትማ ቅሉንም አያስተርፉም ነበር» ብላ ሞላችላቸው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ከጅጋም፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለውም አገር፣ እሷን ፈልጎ የሚመጣ ሰው በዛ።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ያገራችን ነጋዴ ከምሽጉ ሥር መጋዘን ከፈተ። ማርም፣ ጨውም፣ ስኳርም ይሸጣል። ስኳሩ ማሩ ውስጥ ይገባል ተብሎ ይታማል። ይኸው ሰው የእህቴን ጥሪ ወሰደ። ሠራተኞቹን በገበያው አራት ማዕዘን አቁሞ «ቅመሱት፣ ውሰዱት፣ ካልጣመ መልሱት» ያስብላቸው ጀመር። እኔ ዱላዬን አንስቼ ልሄድ ስል እህቴ ያዘችኝ።

«ተወው፣ ይጩህ። ቃል እንደሆነ ሰው ስለጠራው አያልቅም» አለች።

ዝም ማለቷ የበጀው ለእሱ ነው። አንድ የገበያ ቀን አስተርጓሚና አስካሪ የሚባሉ የጣልያን ወታደሮች አስከትሎ መጣ። በእጁ ወረቀት አለ፤ በወረቀቱ ግርጌ ክብ ማኅተም። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጥሪ በጣልያን መንግሥት መዝገብ የዚህ ነጋዴ ንብረት ሆኖ ተጽፏል፣ ሌላ ሰው በዚህ ገበያ ቢጣራበት ይገረፋል፣ ማሩም ይወረሳል አለ። አስተርጓሚው የነጋዴው አማች መሆኑን ቡሬ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱን አምጣ ብዬ አየሁት። ከላይ የጣልያን ጽሑፍ፣ ከሥሩ በእኛ ፊደል የእህቴ ቃል አንድም ሳይጎድል ተጽፏል። እኔ በብራና መሐል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የዕለቱን ያህል ግን ጽሑፍ አስደንግጦኝ አያውቅም። ከድሃ ሴት አፍ የወጣ ቃል ተይዞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ የሌላ ሰው ከብት ሆኖ ቆሟል። ወይ ጉድ! ሰው ቃል ይሰረቃል ብሎ ያስባል?

እህቴ ወረቀቱን አላየችም፤ ብታየውም አታነብም። አስተርጓሚውን ብቻ ጠየቀችው። «ጌታዬ፣ ቅመሱት ውሰዱት የሚለው የእሳቸው ሆነ። መልሱት የሚለውስ?»

አስተርጓሚው ሳቀ። «እሱም የእሳቸው ነው።»

«እሺ» አለችና ማሯን ይዛ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ አፏን ከፍታ አልተጣራችም። የሚያውቋት ይመጡ ነበር፤ ከሩቅ የሚመጣው ግን ጥሪውን ተከትሎ ወደ መጋዘኑ ይነጉዳል። «የእሷን ማር አገኘን» እያለ ደስ ብሎት የሚገዛ ስንቱን አየሁ! በዚህ ላይ የባሏ መርዶ መጣ። ዱር ውስጥ በጥይት ተመቶ ወድቋል። አልቅሰን፣ ደረት ደቅተን፣ ቤታችን ገባን። እህቴ የዚያን ዓመት ማር ለይታ በሁለት ጋን አስቀመጠችና አፋቸውን በጭቃ አሸገች። ለሙት ዓመቱ ተዝካር ጠጅ የሚጣልበት ነው። እኛ ቤት ከዚያ ሌላ የቀረ ማር አልነበረም።

ክረምቱ ገባ። እርጥበት ሲያገኘው የነጋዴው ማር በየገዢው ቤት መቡካት ጀመረ። አረፋ ደፈቀ፣ ከየቅሉ እየገነፈለ መደቡን አጠበው። የገበያ ቀን፣ እኔና እህቴ የምንሸጠው ባይኖረንም በቦታችን ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት ሴት አረፋ የደፈቀ ቅሏን ታቅፋ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

«ካልጣመ መልሱት ብላችሁኛል፣ ይኸው መለስሁ።»

«ከወሰድሽ ወሰድሽ ነው፣ ሂጂ» አላት ነጋዴው።

ሴትዮዋ ቅሉን መሬት አስቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችው። «በሕግ አምላክ!» አለች።

ይህን ለዛሬ ልጆች ሳወራ አያምኑኝም። ሰውየው መጋዘን አለው፣ አማች አለው፣ ከጀርባው ምሽግ አለ፤ የታሰረው በነጠላ ጫፍ ነው። ቢጎትት ይፈታል። አልጎተተም። በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድ ሰው በአገራችን አልተወለደም ነበር። አስካሪዎቹም አይተው አልነኳትም።

ዳኛ ተፈለገ፤ በወጉ መንገደኛም ዳኛ ይሆናል። ከአገው ምድር በበቅሎ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ በመንገዱ ሲያልፉ ሕዝቡ «አባታችን፣ ይፍረዱ» ብሎ አቆማቸው። በቅሏቸው ላይ እንዳሉ የሁለቱን ነገር ሰሙ። ነጋዴው፣ «ጥሪ እኮ ጥሪ ነው፤ ገዢ መሳቢያ ነው እንጂ ውል አይደለም» አለ።

«ቃሉ የማን ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«የእኔ ነው። ማኅተም አለው!» ብሎ ወረቀቱን ከደረቱ አወጣ።

ሽማግሌው የሚያነብ ጠየቁ፣ ሰው ወደ እኔ ጠቆመ። ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ «ካልጣመ መልሱት» የሚለው ላይ ስደርስማ ምሽጉ እስኪሰማ ድረስ።

«እንግዲያ ቃሉ ያንተ ከሆነ ማሯን ተቀበልና ለውጥላት» አሉ።

ነጋዴው አፉን ሊከፍት ሲል ከሴትዮዋ ኋላ ያለውን አየ። የቦካ ቅል የያዘ ሰው ከመጋዘኑ በር እስከ እህል ተራው ተሰልፏል። ላብ አጠመቀው። እንዲህም አለ፦ «ይህ ቃል የእኔ አይደለም! ከዚያች ሴት አፍ የሰማሁት ነው። መመለስ የፈለገ ወደ ባለቤቱ ይሂድ!» ጣቱ ወደ እህቴ ተቀሰረ።

ገበያው በአንድ ጊዜ አሽካካ። እኔም እልል ልል ነበር። ረታን! በሕዝብ ፊት በገዛ አፉ መለሰልን! ወደ እህቴ ዞር ስል ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታለች፤ አትስቅም።

«እውነታቸውን ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው» አለች። «ይህን ማር የገዛችሁት በዚህ ቃል ታምናችሁ ነው። መልሱት ያልሁት እኔ ነኝ። ነገ ቤቴ ኑ፣ እለውጥላችኋለሁ።»

«እትዬ፣ አብደሻል?» ብዬ ጮህሁ። «የእሱን ስኳር በባልሽ ተዝካር ማር?»

«ዝም በል» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሽማግሌው ከበቅሏቸው ወረዱ። ዳኛ ለባለጉዳይ ሲወርድ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ከአገውኛ ጋር በተቀላቀለ አማርኛቸው፣ «ቃሉ የእርሷ ነው» ብለው ፈረዱ። ሴትዮዋም ነጠላዋን ከነጋዴው ኩታ ፈታች።

በማግስቱ ሰው መጣ። ብዙው አፍሮ ቀርቶ ነበር፤ የቸገረው ግን መጣ። እህቴ የጋኖቹን ጭቃ ሰብራ ከፈተች። እኔ ልቅዳ ብል በንዴት ከቅሉ ውጭ አፈሰስሁት። ጭልፋውን ተቀበለችኝና እየቀዳች፣ የቦካውን እያስደፋች፣ ለእያንዳንዱ ሞላች። ሲመሽ ሁለቱም ጋኖች ባዷቸውን ቀሩ። ያን ሌሊት አለቀሰች፤ ባሏን ይቅርታ ስትለምነው ሰማሁ።

ለተዝካሩ ጠጅ የሚጣልበት ሳምንት ደረሰ። በጠላ ብቻ ልናልፈው ቆርጠናል። ጧት ስነሣ በራችን ላይ ያቺ ነጠላዋን የቋጠረችው ሴት ቅል ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከሌላው ኋላ ደግሞ ሌላ። የማውቀውም የማላውቀውም። ባዶ ቅል ያመጡት ባልቴት እንኳ ሞልተው መጥተዋል! ማንም ብዙ አልተናገረም፤ እግዜር ያጥናሽ እያሉ ይሰጧታል። እህቴ እንባዋ እየወረደ እያንዳንዱን በጣቷ ትቀምሳለች። ቀምሳም አንዱን «ይኸ ጢስ ጢስ ይላል፣ ይመልሱት» ብላ ሰጠችው፤ ሰውየውም እየሳቀ ሌላ ሊያመጣ ሄደ። እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ሴት ናት!

በመጨረሻ ነጋዴው መጣ። ብቻውን ነው፣ በእጁ አንድ ገንቦ ይዟል። የገንቦው አፍ በወረቀት ተከድኖ በገመድ ታስሯል። ወረቀቱን ሳየው አወቅሁት፣ ክቡ ማኅተም ከላይ ሆኗል። ዱላዬን ፈለግሁ። እህቴ ግን ገመዱን ፈታች፣ ወረቀቱን አነሣች፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ከሁሉም አስረዝማ ቀመሰችው። ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«ይጥማል» አለችና ከሌሎቹ ጋር ጋኑ ውስጥ ገለበጠችው። የገንቦውን አፍ በዚያው ወረቀት ጠርጋ ባዶውን መለሰችለት። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጣለችው።

ከተዝካሩ በኋላ ባለው ገበያ በቦታዋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። «ቅመሱት!» አለች። ከዚያ ባሏ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ድምጿ ተቆረጠ። የቀረውን ገበያው ጮኸላት፤ እኔም ዲያቆን ነኝ ሳልል አብሬ ጮህሁ።