ሐዋሳን የሰጠሁበት ቀን

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ሁሉ ደክሟት ከገባች ሴት አፍ ነው። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። አቃቂ በሰቃ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ በክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር፤ እኔንም ትማርልኝ ብላ ከገጠር ያመጣችኝ እሷ ናት። ማታ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ፣ ጨው የተነሰነሰበት ሙቅ ውሃ ውስጥ እግሯን ነክራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። መብራት ከጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ቀን ጥቂት ነበር፣ ኩራዙ ይለኮሳል። ጭሱ ኮርኒሱን እያጠቆረ፣ ከሰል ምድጃው ላይ የቀረችው ፍም አመድ እየለበሰች፣ እኔና የአከራያችን ሁለት ልጆች ተረት እንድትነግረን ከበናት እንቀመጣለን።

«ለረጅም ተረት አቅም የለኝም፤ እንቆቅልሽ ይበቃችኋል» ትለናለች። እውነቷን ነው፣ እንቆቅልሽ ለደከመው ሰው የተፈጠረ ጨዋታ ነው። እሷ አንዲት ነገር ተናግራ ታርፋለች፣ የቀረውን እኛ እንለፋበታለን።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው።»

የአከራያችን ልጆች አንዱ መኪና፣ አንዷ ነፋስ ይላሉ። እኔ የፋብሪካሽ ማሽን አልኳት። «እሱማ ከኔ ብሶ ይደክመዋል፣ በየቀኑ እየተበላሸ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። መልሱ ሲጠፋን ወጉ የታወቀ ነው፤ «በሉ አገር ስጡኝ» ትላለች፣ አንዱን አገር እንሰጣታለን፣ እዚያ ገብታ የምታደርገውን ተናግራ፣ ትንሽም ቀልዳብን መልሱን ትነግረናለች። ሌላው ሰው አገር ሲሰጠው ይነግሥበታል፣ ጠጅ ያስጥልበታል። የኔ እቴቴ ትተኛበት ነበር። ናዝሬትን ብንሰጣት በብርቱካን ጥላ ሥር ታንቀላፋለች። ከሁሉ የምትወደው፣ በዓይኗ አይታው የማታውቀውን ሐዋሳን ነው። «ሐዋሳ ገብቼ፣ ዓሣዬን በልቼ፣ ሐይቁ ዳር እግሬን ዘርግቼ፣ ፈረቃ የሚሉትን ነገር ረስቼ . . . ወንዝ ነው፣ እናንተ ሰነፎች።» አንዳንዴ መልሱን ሳትነግረን እንቅልፍ ይወስዳትና በማግሥቱ እስክትገባ ድረስ ስንጨነቅ እንውላለን።

ያኔ ሁለተኛ ክፍልን እየደገምኩ ነበር። ዓምና ያስተማሩን መምህር እንግሊዝኛ የተሳሳተውን ሁሉ ያንበረክኩ ስለነበር፣ ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላል ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ ዝምታዬም ክፍል አስደገመኝ። በዓመቱ የተመደበችልን ቲቸር ሰናይት ግን ከኮሌጅ ገና የወጣች ልጅ ነበረችና ሌላ መላ ይዛ መጣች። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን ታጭቀን ሳለ ታስዘፍነናለች፤ ኖዝ ስትል አፍንጫችንን፣ ኢር ስትል ጆሯችንን እንይዛለን። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በእንግሊዝኛ ጮኸን እናሸንፈዋለን። እኔም አፍንጫዬን በሰዓቱ እይዛለሁ፣ ማውዝ ስትልም ተከድኖ የቀረውን አፌን እነካለሁ። ድምፅ ግን የለም።

ቲቸር እቴቴን አስጠራቻት። እቴቴ ከፈረቃዋ ቀርታ ሄደች፤ ስትመለስ አልተቆጣችኝም፣ ያስፈራኝም እሱ ነው። «ዘንድሮም ከደገምሽ ወደ አባትሽ እመልስሻለሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውለው አንቺ ቁጭ ብለሽ እንድትማሪ ነበር» አለችና ውሃዋን አሞቀች። ያን ምሽት እንቆቅልሽ አልነበረም። ወደ ገጠር ብመለስ ትምህርት ቤት የሚባለውን ዳግመኛ እንደማላየው ስለማውቅ አንሶላውን በላዬ ስቤ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የዳስተሩ ጨዋታ የመጣው። እየዘፈንን ዳስተሩን ከእጅ ወደ እጅ እናስተላልፋለን፣ ቲቸር ድንገት ስታጨበጭብ ዘፈኑ ይቆማል፣ ዳስተሩ እጁ ላይ የቀረ ተነሥቶ የተጠየቀውን ይመልሳል። እኔ እንደ ትኩስ ድንች ነበር የምገፈትረው። አንድ ቀን ግን ዳስተሩ እጄ ላይ ሳለ ተጨበጨበ። ቲቸር መስኮቱን እያሳየች «ዋት ኢዝ ዚስ?» አለችኝ። ተነሣሁ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ቃሉ ደግሞ ከነጭራሹ ጠፍቶኛል። ሰው ጠይቆኝ መልስ ሲጠፋኝ የማውቀው መውጫ አንድ ብቻ ነበርና አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ፤

«ሐዋሳን ሰጥቼሻለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግሊዝኛውን መሳቴ አንሶ ቲቸርን አንቺ አልኳት። አለቀልኝ፣ ሻንጣዬን ልሸክፍ ብዬ ዳስተሩን ደረቴ ላይ ጨመቅኩት። ቲቸር ሰናይት ጠመኔውን አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ በየክፍሉ ስትጮህ የዋለች ናት፣ ድምፅዋ ሰልሏል። ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ «ሐዋሳ ገብቼ» አለች፣ «ሻይ አስቀድቼ፣ እናንተን የመሰለ የሚጮህ ሳይኖር አርፌ . . . ዊንዶው ነው። በዪ።»

«ዊንዶው» አልኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በኛ ክፍል ያላወቀ አገር ይሰጥ ጀመር። ቲቸር አገሩን ተቀብላ መልሱን ትነግራለች፣ የሰጠው ልጅ ደግሞ ቃሉን ጮክ ብሎ ይላል። አንዳንዱ ብልጥ እያወቀ አላውቅም እያለ ድሬዳዋንና ጎንደርን ያድላት ነበር። እኔም ያለኝን አገር ሁሉ ሰጥቼ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሦስተኛ ተዛወርኩ። የዊንዶውን ዕለት ማታ የሆነውን ስነግራት እቴቴ ከውሃው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። «የኔን ሐዋሳ ለመምህርት አሳልፈሽ ሰጠሽው?» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ስለ መመለስ አንሥታ አታውቅም። ጡረታ በወጣች ማግሥት ታመመችና ሐዋሳን ሳታይ አረፈች። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ቃሊቲ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ዘፈኑን ከስልክ እከፍትላቸዋለሁ፤ ባትሪው ካለቀ እኔው እዘፍናለሁ። እንደ ጦጣ ዝለሉ ሲባል ቀድሞ የሚዘለው አስተማሪው ነው፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ጉልበቴም ድምፄም አይታዘዙኝም። ይህን ሥራ ልተወው እያልኩ የማድርበት ቀን ብዙ ነው።

ሰሞኑን ዳስተሩ ከመስከረም ጀምሮ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ልጅ እጅ ላይ ቆመ። የጠየቅኳት ቃል ስለጠፋት አገር ስጪኝ አልኳት። የክፍሌ ልጆች የሚሰጡኝ አብዛኛውን ጊዜ ዱባይን ነው። እሷ ግን መሬት መሬቱን እያየች «ቂሊንጦን» አለች።

«ቂሊንጦ ገብቼ ምን ላድርግ?»

«ፋብሪካው ጋ እማዬን ያዩዋታል። እኔ ሳልነሣ ነው የምትወጣው።»

ቂሊንጦ ገብቼ፣ እናትሽን አግኝቼ፣ ብዬ ጀመርኩና ሳልጨርሰው ዳስተሩን ከእጇ ተቀብዬ ሰሌዳውን መጥረግ ያዝኩ። «መልሱስ ቲቸር?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ደገመችው፣ አጥርታ። ደክሞኝ የገባሁበት ክፍል ነበር፣ ደክሞኝም ወጣሁ። በታክሲ ወደ ቤቴ ስሄድ የማላውቃትን እናቷን ሳስብ ነበር፤ ማታ ስትገባ ልጇ የምታመጣላትን አንዲት ቃል ለመስማት የሚሆን ጉልበት ይተርፋት ይሆን እያልኩ።