ከሰልፉ መጨረሻ

ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ አባባ የተቀበሩበት ቦታ ደርሼ ፓርክ አደረግኩ። የመኪናውን በር ስከፍተው የታጨደ ሣር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ታላቅ ወንድሜ የአሜሪካ ወታደር ነበር። ሲሞት ዴንቨር፣ የወታደሮች መቃብር ተቀበረ። አባባ እኔን ይዘው እየሄዱ አበባ ያስቀምጡለት ነበር። አንድ ቀን ስንደርስ አበባችን የለም። እዚያ የሚሠራውን ሰውዬ ብጠይቀው፣ ሣር ሲታጨድ አበባው ሁሉ ይነሳል አለኝ።

አባባ በአንድ መስመር የቆሙትን ነጫጭ ድንጋዮች ሲያዩ ቆዩና፣

«እኔ ስሞት እሱ አጠገብ ይቀብሩኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩት። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ለሚስትና ለትንንሽ ልጆች ይፈቀዳል፣ ለአባት ግን አይፈቀድም አለኝ። ለአባባ ነገርኳቸው።

«እኔም ባገሬ ወታደር ነበርኩ በያቸው። አጠገቡ ባይሆን እንኳ ከሰልፉ መጨረሻ ያስጠጉኝ። ልጄን ብቻውን ጥዬው የት እሄዳለሁ?»

ይህንንም ነገርኩት። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ያንኑ መልስ ደገመልኝ። አባባ እሱን አላዩትም፤ የሚያዩት የእኔን አፍ ነበር።

አሁን እሳቸው እዚህ፣ ወንድሜ ከከተማው ማዶ ነው። አበባውን ድንጋያቸው ሥር አስቀመጥኩ። የሣር ማጨጃው ከወዲያ በኩል እየመጣ ነው።

ያን ቀን ሰውየው የተናገረው በእንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ «አይቻልም» ያልኳቸው እኔ ነኝ።