የአዋሽ ማደሪያ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ መካኒሳ፣ ጎረቤቴ የግቢውን በር ሰማያዊ ቀለም ሲያስቀባ ሽታው መስኮቴ ድረስ ገባ። የቀለም ሽታ አልወድም። ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሀና ማርያም አካባቢ ነበር የምንኖረው። ጓደኛዬም እዚያው ግቢ ውስጥ ተከራይ ነበረች፤ አባቷ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ዴልታ፣ ወንዝ ደለሉን አራግፎ ስለሚሠራው መሬት፣ ካስተማሩን በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን የአንድ ወንዝ መጨረሻ በጭቃ ሠርተን እንድናመጣ አዘዙን።

እኔና እሷ ተጣመርን፤ እሷ አዋሽን መረጠች። ከወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ አምጥተን ካርቶን ላይ ስንደለድል ሰነበትን፤ እጃችን ታጥቦም ይሸት ነበር። መጨረሻውን ብቻዋን ሠራችው። ውሃው እየሳሳ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ መውጫ የሌለው ሐይቅ። ዳር ዳሩን ጨው በተነችበት። አባቷ ናቸው የነገሯት፦ "አባይ ማደሪያ የለውም ይባላል። አዋሽ ግን አለው፤ በረሃ ገብቶ እዚያው ያድራል።"

እኔ አላመንኩም። ባሕር የማይገባ ወንዝ ሰምቼ አላውቅም፤ የሹፌር ወሬ መሰለኝ። ለማርክም ስስታም ነበርኩ። ሥራው እኛ ቤት አድሮ ስለነበር ጠዋት አከራያችን ለበር ገዝተው በተረፋቸው ሰማያዊ ቀለም ሐይቁንም ጨዉንም ደፍኜ ሰፊ ባሕር አደረግኩት። ከዚያ በጋዜጣ ሸፈንኩት።

መምህራችን ጋዜጣውን ገለጡና "አዋሽን ባሕር ያስገባው ማነው?" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ደንግጬ "አባቷ ናቸው እንዲህ ያሉን" አልኩ።

"እንግዲያው ሹፌሩ መንገድ ስተዋል" አሉ መምህሩ። ተማሪው እንደገና ሳቀ። እሷ እጆቼን አየች። ቀለሙ ጣቶቼ ላይ ነበር። 

አባቷ መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለነበር የመጡት ከሳምንት በኋላ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነጭ የጨው ድንጋይ ይዘው መጡ። ልጃቸው ለሥራችን የሚሆን ከሐይቁ ዳር እንዲያመጡላት አደራ ብላቸው ኖሯል። በመፍቻ ለሁለት ከፈሉትና አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡን።

"ይኸው፣ የአዋሽ ማደሪያ። ዘገየሁባችሁ፣ አይደል?"

አንገቴን ደፋሁ። አሁን ትነግራቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

"አልዘገየህም፣ አባዬ" አለች።

ክረምት ሳይገባ ወደ አዳማ ሄዱ። ድርሻዬ አሁንም ብርጭቆ ውስጥ አለ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ያልበዋል፣ ያንሳል፤ ዘንድሮ አውራ ጣቴን አያክልም። ሳያልቅ አግኝቻት ይቅርታ ብላት ደስ ይለኝ ነበር።