ሰዓቱን ሲፈታ

ሰውዬውን ብታዩት፣ አባት ማለት እሱ ነው ትሉ ነበር። ሸሚዙ በወጉ ተተኩሷል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። መናፈሻው ሣር ላይ ጨርቅ አንጥፎ፣ ለሚስቱ ብርቱካን እየላጠ፣ ፍሬውን ሳይቀር እየለቀመ ያቀብላታል። አዲስ ብስክሌት የምትነዳው ትንሽ ልጁ ባጠገቡ ባለፈች ቁጥር "ጎበዝ የኔ ልጅ! ቀስ!" ይላል። አጠገባቸው ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው።

ልጅቷ መታጠፊያው ላይ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተላተመች። አገጯ ተተረተረ፤ ደሙ በነጭ ቀሚሷ ላይ ወረደ። ጩኸቷ መናፈሻውን አናጋው።

ሰውዬው አልሮጠም። ብርቱካኑን አስቀመጠና ቀስ ብሎ የእጅ ሰዓቱን ፈታ።

ልጅቷ ይህን ስታይ ለቅሶዋን ዋጥ አደረገች። "አልወደቅኩም አባዬ! ራሴ ነኝ የወረድኩት!"

ሚስቱ ምንም ሳይላት መዳፏን ዘረጋች፤ ሰዓቱን ተቀበለችው።

ሄዶ በዚያ በተሰነጠቀ አገጭ ላይ በጥፊ አጮላት። ብስክሌቱን ጎማው እስኪጣመም ረገጠው። ከዚያ ደግሞ ወደ ልጅቷ ዞረ።

"ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ልጅቷ እኮ እየደማች ነው!" የመናፈሻው ጥበቃ እየሮጠ መሃል ገባ።

"የራሴ ልጅ ናት፤ አንተ ምን አገባህ?" ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ወደ ሚስቱ ተመልሶ የእጁን ደም በመሀረብ ጠረገ። ሚስቱ ሰዓቱን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ሰጠችው። አሰረው፤ አየት አደረገው።

"ገና ነው" አለ፣ ብርቱካኑን እያነሳ። "ሂጂ ተጫወቺ።"

ልጅቷ ተነሳች፤ የማይሽከረከረውን ብስክሌት እየገፋች መጫወት ጀመረች።