አጥብቄ የጎነጎንሁት ጋማ

አያቴ የፈረሳቸውን ጋማ የሚጎነጉኑት በዓመት አንዴ፣ ለጥምቀት ጉግስ ነበር። ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው ከጆሮው ሥር ይጀምራሉ። እኔንም አጠገባቸው አቁመው «አጥብቂው ልጄ፤ በግልቢያ መሐል የሚፈታ ጉንጉን ጌታውን ያዋርዳል» ይሉኝ ነበር።

ጣሊያን ቡሬን ከያዘ ወዲህ ግን ጋማውን አልነኩትም። «አገር ሐዘን ተቀምጣ ፈረስ አያጌጥም» አሉ።

ዘንድሮ የጣሊያኑ አዛዥ ለራሱ በዓል ጉግስ አዘዘ፤ ፈረሱን አስጊጦ ያልመጣ ይሰቀላል ተባለ። አያቴ ለእኛ ሳይነግሩ፣ በዚያው በጉግሱ ዕለት ጠዋት ወደ አርበኞቹ ሊሄዱ ቆርጠው ኖሯል። እኔ ምኑን አውቄ! እንዳይሰቀሉብኝ ፈርቼ በዋዜማው ጋማውን ከጆሮ እስከ ትከሻ ጎነጎንሁት።

ጠዋት ሲያዩት አልተቆጡኝም። «ለጣሊያን ባጌጠ ፈረስ ከአርበኛ ፊት አልቆምም» ብለው ይፈቱት ጀመር።

«ይተዉት አባባ፣ በእግዜር ሳይደርሱብዎ ይሂዱ!» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጉንጉኑ አልላላ አላቸው። ግማሹን እንኳ ሳይፈቱ ለጉግሱ ፈረሰኛ የሚለቅሙ የጣሊያን ወታደሮች ደጃችን ደረሱ። «አልሄድም» ቢሏቸው እዚያው ተኩሰው ጣሏቸው፤ ፈረሱንም ነዱት።

ለቀስተኛው በወጉ «ፈረሱ ይውጣና ይለቀስበት» ይላል። ምን ይውጣ? ይታሰርበት የነበረው ግንድ ባዶውን ቆሟል። «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፤ ማን እንዳስገደላቸው አያውቁም።

አባባ፣ ምን ነበር ጥቂት ባላላሁት! ማላላቱን ግን መች አስተማሩኝ?