የሬዲዮ ጀርባ

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚለፈልፍ ደንበኞቹ “ሬዲዮ” ይሉታል። እኔ ፎጣ እያጠብኩለት ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ዝም ቢል ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ሸሚዙን ሲቀይር ከኋላው ቆሜ ነበር። ቀኝ እጁን ሲያነሳ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንቱ በደንብ እንዳልተዘጋ መሳቢያ ወደ ውጭ ወጣ። ጮህኩ።

“ጀርባህ! አጥንትህ ወጥቷል!”

“ባክሽ አታካብጂ፣ ድካም ነው።”

ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። አባቱም ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ቀኝ እጃቸው መጀመሪያ ደከመ፣ ቀጥሎ ተንጠለጠለ፤ እስኪሞቱ ድረስ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሌላ ሰው ነበር።

በወሩ ምላጩ ሸተት ብሎ የቆዩ ደንበኛውን ጡረተኛ አስተማሪ ጆሯቸው ሥር ጫር አደረጋቸው። እሳቸው “ምንም አይደል” ቢሉም ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጭ አልነካም። ወሬውም ቆመ። የሰውን ማጅራት ሁሉ በመስታወት የሚያሳይ ሰው፣ የራስህን ጀርባ ላሳይህ ስለው ይቆጣል። ቁጣማ እኔም አላንስም፤ ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጃችንን የምታክል ናት። ጀርባው ላይ ሽቦ ያላቸው ክብ ነገሮች ለጠፈች። ጡንቻ ሲሠራ ኮምፒዩተሩ ላይ መስመሩ ይዘላል አለችን።

“ጋሼ፣ እጅዎን ቀስ ብለው ያንሱ።”

የላይኛው መስመር እንደ እብድ ዘለለ። የታችኛው፣ አጥንቱን ከጎድን ጋር አጣብቆ የሚይዘው ጡንቻ መስመር፣ ፊልም ላይ ሰው ሲሞት እንደሚታየው ቀጥ ብሎ ቀረ።

“ሞቷል?” አለ ባለቤቴ፣ በሕፃን ድምፅ።

“ቆይ ጋሼ። መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉና ይግፉት።”

ገፋ። ምንም የለም። ጥርሱን ነክሶ ደገመ። ያ መስመር ትንሽ ብቅ አለ፣ ከዚያ ከፍ አለ።

“ይኸው አለ እኮ! የላይኛው ሥራውን ስለቀማው ሰንፏል እንጂ አልሞተም። ግን ወራት ይፈጃል፤ ልፋትም አለው።”

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ መግፋት ሆነ። “ቤቱን ልታሰፋው ነው?” እያልኩ እቀልዳለሁ።

በሦስተኛው ወር አስተማሪው ፀጉር ቤቱ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። “ዛሬ በምላጭ ነው የምፈልገው” አሉ። ባለቤቴ ጠቅሶኝ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ገባን። ሸሚዙን አወለቀ፣ የእጅ መስታወት አስያዘኝ፣ ግድግዳው ላይ ላለው መስታወት ጀርባውን ሰጥቶ እጁን አነሳ።

“ቀጥ አድርገሽ ያዢው እንጂ።”

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። “ወጥቷል?” አልኩት።

“ትንሽ ወጥቷል” አለ። ሸሚዙን ለብሶ ወጣ።

እኔ መስታወቱን ታቅፌ እዚያው ቀረሁ። ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። አንዴ ቆመ። ከዚያ “ጋሼ፣ የአማቴን ጉድ ነግሬዎት አላውቅም?” ብሎ ጀመረ። እናቴን ነው የሚያማልኝ። መጋረጃውን ለመግለጥ ግን አልደፈርኩም።